ውሮ ፎቅ ልትወጣ ነው

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ፣ የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪኖች በሚቆሙባቸው ምግብ ቤቶች ጥብስ አዝዞ የተቀመጠ ሰው ድመት ሳያይ አይነሣም። ከጠረጴዛው ሥር ትመጣለች፤ እግሩን ታክከዋለች፤ አጥንት እስኪወረወርላት ዐይኗን ከእጁ ላይ አትነቅልም። አስተናጋጁን “የማን ናት?” ያለው እንደሆነ “የቤቱ ናት” ብሎት ያልፋል። የቤቱ ናት ማለት የማንም አይደለችም ማለት ነው፤ የሁሉም ናት ማለትም ነው። ቀን ከጭነት መኪና ጥላ ሥር ትተኛለች፤ ማታ የእህል መጋዘኑን ትዞራለች፤ ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ ቁርጥራጭ ትለቅማለች፤ ሲደርስባት ከአንዱ ጎረቤት ግቢ ገብታ ትወልዳለች። ብትታመም የሚያሳክማት የለም፤ ብትጠፋም የሚፈልጋት የለም። በር የሚዘጋባትም የለም።

ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሸለቆውን የተከተለ መንገደኛ ሰመራ ሲደርስ ሌላ ዓይነት ከተማ ይቀበለዋል። አዋሽ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት እዚያ ጣቢያ ተተክሎ፣ በጣቢያው ዙሪያ መንደር፣ በመንደሩ ዙሪያ ገበያ አደገ። አብዛኛው ቤት መሬት ለመሬት ነው፤ ግቢ አለው፤ አጥሩ ድመት ያሳልፋል። ሰመራ ግን የአፋር ክልል መቀመጫ ከአሳይታ እንዲነሣ ሲታሰብ በገላጣ ሜዳ ላይ በፕላን የተቆረቆረች ናት። ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሰፋፊ መንገድ፣ ከዚያም በየረድፉ የቆሙ ባለፎቅ መኖሪያዎች። በነዚህ ፎቆች ከሚኖረው ሰው ብዙው ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ ነው። ቤተሰቡ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ወይም መቀሌ ነው። ማታ ቤቱ ጭር ይልበታል። ድመት የመያዝ ሐሳብም አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው በዚሁ ጭርታ ውስጥ ነው።

ሰመራ የምትሠራ አንዲት ወዳጄ ሰሞኑን ደውላ “ውሮ ፎቅ ልትወጣ ነው” አለችኝ። ከብሎካቸው ደረጃ ሥር የምትውል ቡራቡሬ ድመት አለች፤ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ቤቷ ልታስገባት አስባለች። “ቤቱ አይጠባትም ትላለህ? ለእኔም አልበቃኝ” ብላ ሳቀች። ኔትወርኩ ተቆራርጦ ሳንጨርሰው ቀረ። ጥያቄዋ መጥፎ አልነበረም፤ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አልመሰለኝም። በስልክ ያላለቀውን እዚህ ልቀጥለው፤ በሰመራም ሆነ በአዋሽ አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ያንኑ ሐሳብ የያዘ ሌላ ሰው አይጠፋምና።

ስለ ካሬ ሜትሩ ቶሎ ልለፍ። ድመት ቤትን በወለሉ ስፋት ብቻ አትለካም፤ በከፍታውም ትለካዋለች። የቁም ሳጥን አናት፣ የመስኮት ደፍ፣ ከአልጋ ሥር ያለ ጨለማ፣ ሰው የማይደርስባት አንድ ጥግ ካገኘች ጠባብ ስቱዲዮ ይበቃታል። ጥፍሯን የምትስልበት በቃጫ ገመድ የተጠቀለለ እንጨት ይጨመርላት፤ ካልተጨመረላት ሶፋው ነው የሚከፍለው። ለመጫወቻ ክር መስጠት ግን ልማዳችን ቢሆንም መጥፎ ነው፤ የዋጠችው ክር አንጀቷን ሰብስቦ ይገድላታል።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ነው። በዚህ ላይ ከእኛ ቀድሞ ያሰበበት ትምህርት እዚያው አፋር ውስጥ አለ። እስልምናን በሚከተለው በአፋር ሕዝብ ዘንድ ድመት መልካም ስም አላት። የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ አቡ ሁረይራ ይህን መጠሪያ ያገኘው ከድመት ጋር በነበረው ፍቅር ነው፤ “የድመቷ አባት” እንደ ማለት ነው። ሌላው ባልደረባ አቡ ቀታዳ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ ከተቀዳለት ውኃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን ዘንበል አድርጎ አጠጣት፤ ድመት ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ፣ እንዳልሆነችም ከነቢዩ የሰማውን ተናገረ ይባላል። ለፎቅ ነዋሪ ከሁሉ የሚቀርበው ግን በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ጥራዞች የሚገኘው የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ሴትየዋ ድመት ዘግታ ያዘች፤ አላበላቻትም፤ ወጥታ ከምድር ተንቀሳቃሽ የራሷን ምግብ እንድትፈልግም አልለቀቀቻትም። ድመቷ ሞተች፤ ሴትየዋም በዚሁ ተቀጣች። እዚህ ላይ ጥፋቱ መዝጋት ብቻ ወይም አለማብላት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ አንድ ላይ መሆናቸው ነው። አዋሽ ላይ ባለምግብ ቤቱ አጥንት መወርወር ቢረሳ ድመቷ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። ሰመራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩን የቆለፈ ሰው ግን ጥላውን፣ ውኃውን፣ አደኑንና ጎረቤቱን ሁሉ በራሱ ላይ ወስዷል።

ከሁሉ የሚከብደው ሙቀቱ ነው። ከሙቀቱ በፊት ግን ስለ ድመት ተፈጥሮ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የቤት ድመት የወጣችው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ የዚህ የዱር ዘመዷ ወገን በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ቁጥቋጦ ውስጥ ዛሬም አለ። ተመራማሪዎች የ979 ድመቶችን ዘረ መል መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት የዓለም የቤት ድመት ሁሉ ምንጭ የዚሁ የዱር ድመት የመካከለኛው ምሥራቅ ወገን ነው ብለው ደምድመዋል። ቆጵሮስ ላይ ደግሞ 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት መቃብር ተገኝቷል። በግብርናው መጀመሪያ ዘመን አይጥ ጎተራውን ተከትሎ መጣ፤ ድመትም አይጡን ተከትላ መጣች። (በነገራችን ላይ በዓለም “አቢሲኒያን” ተብሎ የሚታወቀው ውድ የድመት ዘር ከእኛ መሆኑ አልተረጋገጠም። ስሙን ያገኘው የጄኔራል ናፒየር ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ሲመለስ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ እንግሊዝ ተወሰደች ከምትባል፣ በወደቡ ስም “ዙላ” ተብላ ከተጠራች ድመት ነው። የዘረ መል ምርመራ ግን ዘሩን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ይጠቁማል። ስለዚህ ደረጃው ሥር ያለችው ቡራቡሬ ከእሷ የበለጠ ሀበሻ ናት።)

የበረሃ ልጅ በመሆኗ ድመት ውኃ ትቆጥባለች። ሽንቷን አወፍራ ታወጣለች፤ ጥማት ቶሎ አይሰማትም። በዱር ይህ ያዋጣታል፤ የምታድናት አይጥ አብዛኛው አካሏ ውኃ ነውና። ፎቅ ላይ ደረቅ ምግብ እየበላች ሁለት የሻይ ብርጭቆ የማይሞላ ውኃ ጠጥታ ከዋለች ግን ቁጠባው ጠላቷ ይሆናል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። አፋሮች ሐጋይ በሚሉት የበጋ ወቅት፣ ከግንቦት ጀምሮ፣ ሰመራ ላይ ቀን ከ40 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ትንሽ ትሻላለች። የድመት ጤናማ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው። ውጭው ከዚያ ሲበልጥ ሰው በላቡ ይተርፋል፤ ድመት ግን ላብ ያላት በመዳፏ ሥር ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ሲወጣ ቬንትሌተር አብርቶላት ይሄዳል። ቬንትሌተር አየሩን አያቀዘቅዘውም፤ ያንቀሳቅሰዋል እንጂ። ለእኛ የሚያቀዘቅዘን ላባችንን ስለሚያደርቅ ነው። ላብ ለሌላት ድመት 41 ዲግሪ የሆነ አየር ማንፈስ ከምድጃ አፍ ፊት ከማስቀመጥ ብዙ አይለይም። እሷ ራሷን የምታቀዘቅዘው ጸጉሯን በምራቋ እየላሰች ነው፤ ለዚያ ደግሞ ውኃ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ቤቱን በእጅዎ ይፈትኑት። በግንቦት አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መስኮቱ እንደወትሮው ተዘግቶ ኤሲውም ጠፍቶ እያለ ይግቡና ወለሉ ላይ ይቀመጡ። ኤሲውን ማጥፋቱ የግድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ድመቷ የምትኖረው በዚያ ቤት ውስጥ ነውና። ከላይኛው ፎቅ ከሆኑ ጣሪያው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ማታም ያወርድብዎታል። ምድር ቤት ይሻላል። ከቤቱ ሁሉ የሚቀዘቅዘው ብዙ ጊዜ የመታጠቢያ ክፍሉ ሴራሚክ ነው፤ በሩ ሳይዘጋ ይተውላት፣ ወለሉንም ጠዋት ውኃ ያርከፍክፉበት። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ስታለከልክ፣ ምራቋ ሲዝረበረብ፣ ስትንገዳገድ ካዩ ሞት ቀርቧታል። በረዶ ሳይሆን ለስለስ ያለ ቀዝቃዛ ውኃ በእግሮቿና በሆዷ ላይ ያድርጉ፤ ያን ጊዜ ቬንትሌተሩም ይሠራል፤ የሚያደርቀው እርጥበት አገኘ። ከዚያ ወደ ሐኪም።

እርስዎ ወለሉ ላይ ሩብ ሰዓት መቀመጥ ካልቻሉ እሷ ስምንት ሰዓት አትችልም። ይህን የምለው ልብ ለመስበር አይደለም። በአዋሽ መንገድ ዳር ያለችው ድመት በዚያው ሰዓት የት እንዳለች ያስቡት፤ ከመኪናው ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ እርጥብ አፈር ላይ። ከቦታ ወደ ቦታ መርጣ ነው የምትተርፈው። ዝግ ቤት የሚወስድባት ይህን ምርጫ ነው።

መስኮቱ ይከፈት ቢባል ሌላ ነገር ይመጣል። ድመት ከፎቅ ብትወድቅ በአራት እግሯ ታርፋለች ይባላል፤ እውነትነት አለው፤ ግን ማረፍ መትረፍ ማለት አይደለም። ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች ከሕንፃ ወድቀው የመጡላቸውን 132 ድመቶች ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጽሑፍ ከታከሙት 90 በመቶው እንደተረፉ ጽፈዋል። ቁጥሩ ያኮራል። ግን የተቆጠሩት ክሊኒክ የደረሱት ናቸው፤ አስፋልቱ ላይ የቀሩት አልተቆጠሩም። ከተረፉትም ብዙዎቹ ፊታቸው ቆስሎ፣ ሳንባቸው ተጎድቶ ነው። ደግሞም በአቅራቢያቸው የቀዶ ሕክምና ክፍል ነበረ። በሰመራ መስኮቶች ላይ የሚሰቀለው ለስላሳ የትንኝ መረብ ድመት አይዝም፤ በአንድ ሌሊት ቀዳ ትወጣበታለች። የሽቦ ወንፊት በብረት ፍሬም አሠርቶ መግጠም ይሻላል፤ ለወባ ትንኝም ለድመትም ይሆናል።

ወባን ካነሣን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ስለ መርዝ ነው። ከአጎበር እስከ ግመልና ፍየል መዥገር መርጫ ድረስ በብዙ ቤት የሚገኘው ፐርሜትሪን የተባለ ኬሚካልና የቅርብ ዘመዶቹ ለሰው ብዙም አያስጉም፤ የድመት ጉበት ግን ሊፈታቸው አይችልም። የደረቀ አጎበር ሥር መተኛቷ ያን ያህል አያሰጋም (ጥፍሯ ለአጎበሩ ያሰጋል እንጂ)። ለከብት የተበጠበጠ መርጫ ወይም ለውሻ ቁንጫ የሚሸጥ ጠብታ ጀርባዋ ላይ ማፍሰስ ግን አንቀጥቅጦ ይገድላታል። አርብቶ አደር አካባቢ እንዲህ ያለ መድኃኒት እጅ ላይ ስለሚገኝ ነው ደጋግሜ የምናገረው። ፓራሲታሞልም እንደዚያው ነው፤ ለሕፃን የሚሰጠው መጠን እንኳ ድመት ይገድላል። ሁለተኛው ስለ ውኃ ሳህኗ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ከታየች ወዲህ አዋሽ ሰባት ኪሎም ሰመራም ደርሳለች። ይህቺ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። የድመቷ ውኃ በየቀኑ ከተደፋ ምንም አይሆንም። ለእረፍት ሲሄዱ “እስክመለስ ይበቃታል” ብለው የሚተዉት ባልዲ ነው ችግሩ።

ምግቧን በተመለከተ የእኛ ቤት ለድመት የማይመች ነገር አለው። ወጣችን የሚሠራው በሽንኩርት ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር፣ ጥሬም ሆነ በደንብ ተቁላልቶ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። አንድ ቀን በእንጀራ የተጠቀለለ ወጥ ብትቀምስ ላትሞት ትችላለች፤ በየቀኑ ትርፍራፊ ወጥ እየበላች የምታድግ ግን ደሟ ያልቃል። ውጭ የምትኖረው ድመት ወጡን ከአይጥና ከወፍ ጋር ስለምታፈራርቀው ነው የሚቀልላት። ፎቅ ላይ ያለችው ምርጫ የላትም።

ድመት ሥጋ ካልበላች ትታወራለች ስል ማጋነን አይደለም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር በራሷ አካል በቂ አድርጋ ስለማትሠራ ከሥጋ ካላገኘችው ዐይኗና ልቧ ይዳከማል። ኦርቶዶክስ ቤት ከሆነ የዓመቱ ግማሽ ያህል ጾም ነው፤ ቤቱ ሥጋ በማይገባበት በዐቢይ ጾም ሳምንታት ለእሷ ብቻ ሥጋ ቤት መሄድ አለ። “ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ” ያሉት ነገሩን ሳያውቁት አልቀሩም። ሰመራ ላይ የሚቀናው የፍየል ልብና ሳንባ ነው፤ ያለ ቅመም ተቀቅሎ። ልብ ታውሪን አለው። ጉበት ትወዳለች፤ ግን በሳምንት አንዴ ትንሽ ይበቃል፤ ከበዛ አጥንቷን ይጎዳል። ሥጋ ብቻውን በቂ ካልሲየም የለውም፤ በተለይ ለግልገሏ። በጣሳና በከረጢት የሚሸጠው የድመት ምግብ ይህን ሁሉ ያሟላል፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ማስላክ ሊኖርብዎት ስለሚችል ግን ከመጀመሪያው በወር ወጪዎ ውስጥ ይቁጠሩት። ወተትን በተመለከተ፣ ስላየችው ብቻ ትጠጣለች እንጂ ያደገች ድመት ብዙውን ጊዜ አይስማማትም፤ ያስቀምጣታል። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላው ጉዳይ ይከተላል።

ሌላው ጉዳይ መጸዳጃዋ ነው። እዚህ ላይ ሰመራ ታድላለች። አንድ ሰፊ ሳፋ፣ በውስጡ የተነፋ ደረቅ አሸዋ ወይም ከአናጢ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ። ከገበያ የሚገዛ ነገር አያስፈልግም። ድመት በተፈጥሮዋ ቆፍራ ስለምትቀብር ማስለመድ የለም፤ ሳፋውን አንዴ ማሳየት ነው። ግን በየቀኑ ይጠረግ። ምክንያቱ ሽታ ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥቃቅን ተውሳክ ከድመት ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ወደ ሰው ለመጋባት የሚበቃው ግን ከወጣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን በኋላ ነው። በየቀኑ የሚጠርግ ሰው ይቀድመዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት አዲስ አበባ ከተያዙ 36 ባለቤት አልባ ድመቶች 33ቱ ተውሳኩ ያለፈባቸው ሆነው ተገኝተዋል፤ በምርመራው ጊዜ በዓይነ ምድራቸው ሲያወጡት የተገኙት ግን 7 ብቻ ነበሩ። አንዲት ድመት አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ አንዴ፣ ለሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ነው የምታወጣው። ነፍሰ ጡር ሴት ሳፋውን ሌላ ሰው ይጥረግላት፤ ፅንስን ስለሚጎዳ። ድመቷን ግን ስለዚህ ብቻ ማባረር የለባትም። ቁርጥና ጥሬ ክትፎ የሚወድ ሰው ያንኑ ተውሳክ ከሳህኑ ሊያገኘው ስለሚችል፣ ጥፋቱን ሁሉ በውሮ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለ ሕክምና ደግሞ ቀርቦ መጠየቅ እንጂ መገመት አይበጅም። የሰመራ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ ክልሉም በእንስሳት ሐኪም ድሃ አይደለም። ነገር ግን የአፋር ሕይወት ግመል፣ ፍየልና ከብት ስለሆነ ሐኪሙም እጁ የተካነው በነሱ ነው። ድመቷን ከማስገባትዎ በፊት ሄደው ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለድመት ይሰጣሉ ወይ? ሴቷን ማምከን፣ ወንዱን ማኮላሸት የሚችል አለ ወይ? ወንድ ድመት ሽንቱ ቢዘጋበት ቱቦ የሚያስገባለት ይገኛል ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ለብዙው ሰው እንግዳ ነው። በወፍራም ሽንት ውስጥ የሚሠራው ደቃቅ ጠጠር የወንዱን ቀጭን የሽንት መውጫ ይደፍነዋል። ሳፋው ላይ ደጋግሞ ይቀመጣል፤ ያምጣል፤ ጠብ የሚል የለም። ድርቀት ነው ተብሎ ዘይት ይጠጣል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። ሙቀትና የውኃ ማነስ ባለበት፣ ሐኪም በራቀበት ከተማ ወንድ ድመት ለመያዝ የሚያመነታ ሰው ካለ እኔ አልፈርድበትም።

ሴቷም የራሷ አላት። እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ነው፤ ጡት እያጠባች ሳለ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ሳትመክን በተከፈተ በር አንድ ምሽት የወጣች ድመት ከሁለት ወር በኋላ ቁም ሳጥን ውስጥ አራት ሆና ትገኛለች። የጋራ ሕንፃ ከሆነ ደግሞ ጎረቤት አለ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር በመተዳደሪያ ደንብ እንዲተዳደር ያደርጋል፤ ስለ እንስሳት የተጻፈ ነገር ካለ እዚያ ደንብ ውስጥ ነው የሚገኘው። ተከራይ ደግሞ አከራዩን ይጠይቅ። ድመቷ ከገባች በኋላ ከመጣላት ከመግባቷ በፊት መጠየቅ ይቀላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በገንዘብና በጥንቃቄ ይስተካከላል። የማይስተካከለው ዝውውር ነው። በቤት ውስጥ የተያዘች ድመት 12፣ 15 ዓመት ትኖራለች። ሰመራ ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ ስንት ዓመት ይቆያል? ውሻ ሰው ይለምዳል፣ ድመት ቤት ትለምዳለች ይባላል፤ ሙሉ በሙሉ እውነት ባይሆንም ድመትን በካርቶን አድርጎ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ መውሰድ የሚያስቸግር መሆኑን ሞክሮ ያየ ያውቃል። ብዙው ሰው አይሞክርም። በሩን ከፍቶ ይለቃታል፤ “ድመት ናት፣ ትኖራለች” ይላል። ይህ አባባል አዋሽ መንገድ ዳር ለተወለደችው ይሠራል። ከሁለት ወሯ ጀምሮ ሴራሚክ ላይ የተኛች፣ ልብና ሳንባ በሳህን የቀረበላት፣ በሐጋይ ቀትር የትኛው ጥላ ነፋስ እንዳለው፣ የትኛው ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ ከእናቷ ያልተማረች ድመት ግን በሰመራ ሜዳ ላይ የምትቆየው ለቀናት ነው። የመሥሪያ ቤት እረፍትም፣ የዒድና የገና ጉዞም ትንንሽ ዝውውሮች ናቸው። ቁልፉን የሚይዝ፣ በቀን አንዴ ገብቶ ውኃ የሚለውጥ፣ ሳፋ የሚጠርግ ሰው በስም መጥራት ይችላሉ? “አንድ ሰው አይጠፋም” ስም አይደለም።

የእኔን ፍርድ ለሚጠይቀኝ፤ ሰመራ ላይ ብቻውን ለሚኖር፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ፣ ላይኛው ፎቅ ላለ ሠራተኛ ድመት በዝግ ቤት መያዝ አልመክርም። ቀትር ላይ ሰው ለሚገኝበት ቤት፣ በተለይ ምድር ቤት ላለ፣ ቤተሰቡ እዚያው ለተተከለ ሰው ግን ምን ችግር አለው? እሰየው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ግቢ ያለው ሰው ከሆነ ጥያቄው ራሱ ሌላ ነው፤ እሱ በር መዝጋት የለበትም፤ ማስከተብና ማምከን ብቻ ነው የሚቀረው። በመሀል ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው እንደ መንገድ አይቆጥረውም። ድመቷ ከደረጃው ሥር፣ እዚያው በለመደችው ጥላ ትቆይ፤ የብሎኩ ሰዎች ተዋጥተው ያስከትቧት፣ ያምክኗት፤ ውኃዋን ተራ ይግቡበት። አንዱ ቢዛወር ሌላው አለ። አይጥም ትይዛለች። ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ይህ ለተከተበችውም ላልተከተበችውም ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውምና።

ይህን ጽፌ ሳበቃ ወዳጄ ጋ መልሼ ደወልኩ። ሙቀቱን ነገርኳት፤ “መታጠቢያ ቤቱ ጥሩ ነው” አለች። ሽንኩርቱን ነገርኳት፤ ደነገጠች፤ ትናንት ምስር ወጥ ሰጥታት ነበር። ወንድ ናት ሴት ብዬ ጠየቅኳት፤ አላየችም። ስለ ዝውውር ስጠይቃት ዝም አለች።

“ባለፈው ወር ፎርም ሞልቻለሁ” አለች በመጨረሻ። “ወደ ኮምቦልቻ። መልስ አልመጣም።”

“ድመቷስ?”

“ደረጃው ሥር ናት። ውኃ አውርጄላታለሁ።”